ትላልቅ የስፖርት መድረኮችና የነዋሪው ቤት፦ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ መንገድ ሲታይ

በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የወረደ እንግዳ ከተማዋን ወዲያው አያገኛትም። ማረፊያው ከከተማዋ በስተደቡብ ርቆ የሚገኝ በመሆኑ ወደ ባሮ ወንዝ ዳርቻ ለመድረስ በመኪና መጓዝ ግድ ነው። ለመንገደኛው ይህ ርቀት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በዚያ አካባቢ ለሚኖረው ግን ማሳው፣ የከብቱ መዋያና የልጆቹ ቤት ያለበት ምድር ነው። አንድ ትልቅ ዝግጅት ወደ ከተማዋ ይመጣል በተባለ ቁጥር በቅድሚያ ወሬ የሚነሣበትም ይኸው መንገድ ነው፤ ይሰፋል፣ መብራት ይተከልበታል፣ ሆቴል ይሠራበታል፣ በዳሩ ያሉት ይነሣሉ ይባላል።

ስለ ትላልቅ የስፖርት ውድድሮች ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ስታዲየሙ፣ ዋንጫውና ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ ነው። የነዋሪው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቤቴ ይነካል ወይ? ከተነካ ወዴት እሄዳለሁ? ምን ይሰጠኛል? ጣሪያውን አሁን ላድስ ወይስ ልጠብቅ? እነዚህ ጥያቄዎች የሚነሡት ውድድሩ ሲጀመር አይደለም። ሰው ቤቱን ማደስ የሚያቆመው፣ መሬቱን ለደላላ የሚያሳየው፣ አከራይ ኪራይ የሚጨምረው ውድድሩ ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ነው። አንዳንድ ጊዜም ይህ ሁሉ የሚሆነው ጨርሶ ላልመጣ ውድድር ነው።

ተሰጥቶ የተነሣ ዕድል

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው ዋንጫ ብሔራዊ ቡድኑ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባና አስመራ፣ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ውድድሩን አስተናገዱ። በ1954ቱ ዋንጫ የተሳተፉት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ አንድ ስታዲየምና ጥቂት ሆቴሎች በቂ ነበሩ። ዛሬ የሚሳተፉት 24 ናቸው። ለ24 ቡድን በተለያዩ ከተሞች በርካታ ስታዲየሞች፣ የልምምድ ሜዳዎች፣ ደረጃቸውን የጠበቁ ሆቴሎች፣ አውሮፕላን ማረፊያዎችና እነዚህን የሚያገናኙ መንገዶች ያስፈልጋሉ። ያኔ የነዋሪውን ይዞታ እምብዛም ያልነካው ውድድር ዛሬ ሰፊ መሬት የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ የመጡት ዕድሎች በአብዛኛው የተስፋ ታሪክ ናቸው። በአገር ውስጥ ሊጎች የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሳተፉበትን የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና፣ በተለምዶ ቻን የሚባለውን፣ እ.አ.አ. በ2020 እንድታዘጋጅ ኢትዮጵያ ተመርጣ ነበር። ዝግጅቱ ባለመድረሱ ውድድሩ ወደ ካሜሩን ተዛወረ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርት አላሟላም ተብሎ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በመታገዱ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ። በአዲስ አበባ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታም ከተጀመረ ረጅም ዓመታት አስቆጥሯል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ በተካሄደበት ወቅት ኢትዮጵያ እ.አ.አ. የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ የማስተናገድ ፍላጎቷን በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በኩል በይፋ ገለጸች። ጥያቄው ከቀረበ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.፣ ኮንፌዴሬሽኑ ዋንጫው እ.አ.አ. ከ2028 በኋላ በየአራት ዓመቱ እንደሚካሄድ አስታወቀ። የውድድሩ ዓመት ራሱ እንዲህ ሊቀያየር ይችላል። ይህን ለእግር ኳስ ወዳጁ እንደ አንድ ዜና ሰምቶ ማለፍ ቀላል ነው። የ2029ኙን ዋንጫ አስቦ በሬውን ሸጦ መንገድ ዳር ቦታ ለያዘ ሰው ግን የኑሮ ጉዳይ ነው።

ጋምቤላ የዋንጫ ጨዋታ ባይደርሳትም እንኳ ከዚህ ሁሉ የራቀች አይደለችም። ክልሉ እንደ ጋቶች ፓኖም ያሉ ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፉ ተጫዋቾችን ያፈራ ነው፤ አገር አቀፍ ውድድሮችና በዓላትም ከክልል ክልል ይዘዋወራሉ። ትልቅ ዝግጅት በከተማ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅም ነዋሪው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የ2008ቱ ኅዳር

10ኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. የተከበረው በጋምቤላ ነው። በዓሉ የስፖርት ውድድር ባይሆንም ከከተማዋ የሚጠይቀው ነገር ከውድድር የሚለይ አልነበረም፤ ብዙ ሕዝብ የሚይዝ ስታዲየም፣ ከየክልሉ ለሚመጡ ልዑካን መኝታ፣ የተስተካከለ መንገድና እንግዳ የሚቀበል አውሮፕላን ማረፊያ ያስፈልግ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት አሶሳ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ሐረር፣ ቀጥሎም ሰመራ ያዘጋጁት ይኸንኑ በዓል ነው። የእነዚህ ከተሞች ዕጣ አንድ ዓይነት ነው፤ የዓመታት ሥራ በጥቂት ወራት ይጣደፋል፣ በዓሉ በጥቂት ቀናት ያልፋል፣ እንግዳው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል።

የቤት ጉዳይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ለጥቂት ቀናት የሚመጣ እንግዳ የሚፈልገው አልጋ እንጂ ቤት አይደለም። በአገር አቀፍ ውድድሮች ስፖርተኞችና አሠልጣኞች ብዙውን ጊዜ የሚያርፉት በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ የተማሪዎች መኝታ ክፍሎች ነው፤ ኃላፊዎችና ጋዜጠኞች ሆቴል ይይዛሉ። ስለዚህ ለመደበኛ ነዋሪ በሚከራይ አንድ ክፍል ቤት ላይ ውድድሩ የሚፈጥረው እውነተኛ ፍላጎት ከሚገመተው እጅግ ያነሰ ነው። ኪራይን የሚያንረው ይልቁንም ግምቱ ነው። አከራዩ እንግዳ ይመጣል ብሎ ይጨምራል፤ ተከራዩ ሌላ ቦታም ጨምሯል ሲባል ይሰማና ይከፍላል። እንግዳው ከሄደ በኋላ የአልጋ ዋጋ ይወርዳል፤ አንዴ የተጨመረ የቤት ኪራይ ግን እምብዛም አይመለስም።

በጋምቤላ ከተማ ይህን ከሌላው ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። እ.አ.አ. ከታኅሣሥ 2013 የደቡብ ሱዳን ጦርነት ወዲህ በክልሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ተጠልለዋል፤ እነሱን የሚያግዙ ድርጅቶችም በከተማዋ ቢሮና መኖሪያ ይከራያሉ። በአውሮፕላን ማረፊያው ከሚወርደው መንገደኛ ውስጥ በዚሁ ሥራ የሚመጣ አለ። ለዓመት የሚከራይ ድርጅት በኪራይ ላይ ያለው ክብደት ለሳምንት ከሚመጣ ቡድን ይበልጣል። የኪራይ መናርን ሁሉ በአንድ ዝግጅት ማመካኘት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

መነሣት ለጋምቤላ አዲስ ቃል አይደለም

በሌላ ከተማ ትነሣላችሁ ሲባል የሚሰማው ሰው ስለ ካሳ ያስባል። በጋምቤላ ግን ቃሉ የቆየ ትዝታ አለው። በ1977ቱ ድርቅ ማግስት ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎች አካባቢዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አምጥቶ በክልሉ አሰፈረ። አቦቦ አካባቢ እስከ ዛሬ በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች ያሉት ከዚያ ወዲህ ነው። ሰፋሪው ከቀዬው ተነሥቶ መጣ፤ ነባሩ አኙዋክም ያርስበትና ያድንበት የነበረውን መሬት አጣ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ብዙዎቹ ሰፋሪዎች እንደገና ተነሥተው ሄዱ።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመንደር ማሰባሰብ ፕሮግራም በሦስት ዓመት 45 ሺህ አባወራዎችን ለማሰባሰብ ያቀደ ነበር። ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ ንጹሕ ውኃና ወፍጮ በአንድ ቦታ እንደሚሟላ ለነዋሪው ተነገረ። መንግሥት ፕሮግራሙ በፈቃደኝነት የተካሄደ መሆኑን ሲገልጽ፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት እ.አ.አ. በጥር 2012 ባወጣው ሪፖርት ብዙዎች በግዳጅ መነሣታቸውንና የተባለው አገልግሎት ሳይሟላ መቆየቱን ጻፈ፤ መንግሥትም ሪፖርቱን አልተቀበለውም። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ ለነዋሪው የቀረው ትምህርት ተግባራዊ ነው። የተስፋ ቃል ከውኃ ጉድጓዱ ቀድሞ ከደረሰ የሚዘራበት ወቅት ያልፋል። የወንዝ ዳር መሬቱን ባሮ ሲጎድል እየዘራ የሚኖር አኙዋክ፣ ወይም በክረምትና በበጋ ከብቱን ይዞ የሚዘዋወር ኑዌር ወቅት ካለፈው ዓመቱ አለፈው ማለት ነው።

ሌሎች አገሮች ያዩት

በዓለም ላይ ከስፖርት መድረክ ጋር የተያያዘ የነዋሪዎች መነሣት ረጅም ታሪክ አለው። ከ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ እስከ 2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ የተነሡት ሰዎች ቁጥር ዛሬም ያከራክራል፤ አንዱ ወገን በመቶ ሺዎችና በሚሊዮን ሲቆጥር ሌላው በሺዎች ይቆጥራል። ልዩነቱ የሚመጣው በአብዛኛው ለስታዲየሙ የተነሣውን ብቻ በመቁጠርና ከተማን ለማስዋብ የተነሣውንም አብሮ በመቁጠር መካከል ነው። ለጋምቤላ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርቡት ግን እ.አ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ ከተካሄደው የዓለም ዋንጫ የተገኙ ሁለት ታሪኮች ናቸው።

የመጀመሪያው የኬፕታውን ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማው በሚያስገባው ኤን ቱ በተባለው አውራ ጎዳና ዳር፣ ላንጋ ውስጥ፣ ጆ ስሎቮ የሚባል የቆርቆሮና የእንጨት ቤቶች ሰፈር ነበር። መንግሥት ሰፈሩን አንሥቶ ዘመናዊ ቤቶች ለመሥራት አቀደ፤ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎችም ደልፍት ወደሚባል ራቅ ያለ ቦታ እንዲሄዱ ተወሰነ። መንገዱ የዓለም ዋንጫ እንግዳ የሚያልፍበት በመሆኑ ጥድፊያው ለውበት ነው ብለው የተቹ ብዙዎች ነበሩ። ነዋሪዎቹ ጉዳዩን እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አደረሱት። ፍርድ ቤቱ እ.አ.አ. በሰኔ 2009 መነሣቱን ፈቀደ፤ ነገር ግን ጊዜያዊ መጠለያው በምን ደረጃ እንደሚሠራ ዘርዝሮ፣ ከሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች 70 በመቶው ለዚያው ሰፈር ሰዎች እንዲሰጥና ከነዋሪዎቹ ጋር ቀጣይ ውይይት እንዲደረግ አዘዘ። መንግሥት ቅድመ ሁኔታዎቹን ሳይፈጽም ዋንጫው አለፈ። በመጋቢት 2011 ፍርድ ቤቱ የመነሣት ትእዛዙን ራሱ ሻረው።

ሁለተኛው የኔልስፕሩት፣ በአሁን ስሟ የምቦምቤላ ከተማ ታሪክ ነው። ይህች ከተማ ከጆሃንስበርግ ጋር የማትወዳደር፣ በእርሻ የተከበበች ናት። ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየም የተሠራበት መሬት የማትሳፌኒ ማኅበረሰብ ነበር፤ ለከተማው አስተዳደር የተላለፈውም በአንድ ራንድ ነው። በዚያ ላይ በቦታው የነበሩ ሁለት ትምህርት ቤቶች ለግንባታው ቢሮ ተለቀው ተማሪዎቹ በጊዜያዊ ክፍሎች እንዲማሩ ተደረገ። ተማሪዎቹ አዲስ ትምህርት ቤት ይሠራልን ብለው አደባባይ ወጡ። የአንዱ ራንድ ሽያጭ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኛው በጠንካራ ቃላት ነቀፉት፤ በኋላም ማኅበረሰቡ በሚሊዮን የሚቆጠር ራንድ እንዲያገኝ ተደረገ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መሬቱን በአንድ ራንድ አሳልፈው የሰጡት የማኅበረሰቡ ተወካዮች ናቸው የተባሉ ሰዎች መሆናቸው ነው። የወል መሬት ባለበት ቦታ ሁሉ፣ ማን ነው የሚፈርመው የሚለው ጥያቄ ከካሳው መጠን ይቀድማል።

በብራዚል ሪዮ ዴ ጃኔሮም የ2016ቱ ኦሊምፒክ ፓርክ አጠገብ የነበረው ቪላ አውቶድሮሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ይኖሩበት ነበር። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከክፍለ ግዛቱ መንግሥት የተሰጠ የመጠቀም መብት ሰነድ ነበራቸው። አብዛኛው ሰው ቤት ወይም ገንዘብ ተቀብሎ ሄደ፤ ወደ 20 የሚጠጉ ቤተሰቦች ግን እስከ መጨረሻው ቆይተው እዚያው ቦታ አዲስ ቤት ተሠራላቸው። ሰነዱ ሰፈሩን ሙሉ በሙሉ አላዳነውም፤ ያለ ሰነዱ ግን እነዚያ 20 ቤቶችም አይኖሩም ነበር ማለት ይቻላል።

ሕጉ የሚያውቀው

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህን ሲደነግግ ለአርሶ አደሩ ከመሬቱ ያለመነቀል ጥበቃ፣ ለአርብቶ አደሩም ለግጦሽና ለእርሻ በነጻ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ይሰጣል። በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ንብረት የነዋሪው ነው፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስደው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሁሉ በቂ እርዳታ ጨምሮ ካሳ ወይም አማራጭ ማካካሻ እንዲያገኙ ይላል።

ይህን በዝርዝር የሚያስፈጽመው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1336/2016 የተሻሻለ ሲሆን፣ ካሳ የመክፈልን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ማዞሩ ከማሻሻያው ዋና ዋና ነጥቦች አንዱ ነው። ለጋምቤላ ነዋሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የፌዴራል ፕሮጀክት ቢመጣም ካሳውን የሚጠብቀው ከክልሉ ካዝና ነው ማለት ነው።

አዋጅ 1161 ሲወጣ ባለይዞታዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ልማቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት እንዲመክሩ ደንግጓል፤ ለአስቸኳይ ልማት ጊዜው ሊያጥር እንደሚችልም አስቀምጧል። በአጭር ቀን የሚጠበቅ ውድድር ሁልጊዜ አስቸኳይ ነው መባሉ ስለማይቀር፣ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ በር ነው። የገጠር መሬቱ በቋሚነት ተወስዶ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላልተገኘለት አርሶ አደር የተቀመጠው የመፈናቀያ ካሳ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ አርሶ አደር ከማሳው በተሻለው ዓመት 20 ኩንታል በቆሎ ቢያገኝና ኩንታሉ 3 ሺህ ብር ቢያወጣ፣ ዓመታዊ ገቢው 60 ሺህ ብር ነው፤ በ15 ሲባዛ 900 ሺህ ብር ይሆናል። የቤቱ፣ የአጥሩና የቋሚ ተክሉ ግምት ለብቻው ነው። በባሮ ዳር ያለ አንድ ያፈራ ማንጎ በበቆሎ ስሌት አይገባም። አሁን ወሬ ሰምቶ የመጣ ደላላ ለዚያው ማሳ 150 ሺህ ብር ቢያቀርብ፣ ልዩነቱ ማን ኪስ እንደሚገባ ለማወቅ ሂሳብ ማወቅ ብቻ ይበቃል። ደላላው የሚያጽፈው የሽያጭ ውልም በሕግ ፊት የሚቆም አይደለም፤ ይህ ደግሞ ገዢውንም ይጎዳል።

የከተማ ባለይዞታ ምትክ ቦታ ወይም ምትክ ቤት፣ ለፈረሰው ቤቱ ግምት፣ እንዲሁም በፈረሰው ቤት የኪራይ ዋጋ የተሰላ የመፈናቀያ ካሳ ይጠብቃል። የወል ይዞታ የሆነ ግጦሽም ካሳ አለው፤ ስሌቱ የሚሠራው ማኅበረሰቡ ከመሬቱ ያገኝ የነበረውን ጥቅም መሠረት አድርጎ ነው። እዚህ ላይ ነው የጋምቤላ ችግር ጎልቶ የሚወጣው። ብዙው የገጠር መሬት በልማድ የተያዘ፣ በትውልድና በወንዝ መታጠፊያ የሚታወቅ ነው እንጂ በደብተር የተመዘገበ አይደለም። ጎረቤቱ ሁሉ የማን መሬት እንደሆነ ያውቃል፤ የግመታ ኮሚቴው ግን ወረቀት ይጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ለወል ይዞታ ዕውቅና የሚሰጥ በመሆኑ፣ የወል መሬትን ማስመዝገብ የሚሻለው ማንም ስለ ውድድር ሳያወራ ነው። ወሬው ከተነሣ በኋላ ድንበር መለካት ጠብ መጥራት ይሆናል።

አንድ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ካሳ ለማብዛት ሲባል የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ የተሠራ ቤት ወይም የተተከለ ዛፍ አይካስም። በሌሊት የሚቆመው የጨረቃ ቤት ደግሞ ሕጋዊ ይዞታ የሌለው በመሆኑ፣ የገንቢውን ቆርቆሮና እንጨት ከማባከን ያለፈ ውጤት የለውም። ከዚህ የሚብሰው ግን የተቃራኒው ስህተት ነው። ማስታወቂያ ሳይደርስ፣ ትነሣላችሁ የሚል ወሬ ብቻ ሰምቶ የሚያፈስ ጣሪያውን ሳያድስ፣ ችግኝ ሳይተክል፣ ሽንት ቤት ሳይቆፍር ዓመታት የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ከማስታወቂያ በፊት የተደረገ ማሻሻያ በግምቱ ይካተታል፤ ዝናብ ግን ማስታወቂያ አይጠብቅም።

ተከራዩና ምትክ ቦታው

አዋጁ በዋናነት የሚያውቀው ባለይዞታን ነው። በግለሰብ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አስተማሪ፣ የቀን ሠራተኛ ወይም ሻይ ሻጭ ቤቱ ሲፈርስ የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነው። አከራዩ ምትክ ቦታ ሲሰጠው ተከራዩ ሌላ ቤት ይፈልጋል፤ በዚያው ሰሞን ብዙ ቤት ስለሚፈርስ ኪራዩ ይወደዳል።  የጽሑፍ የኪራይ ውል መያዝ ካሳ ባያስገኝ እንኳ ሰውየው እዚያ ይኖር እንደነበር ያስረዳል፤ በውይይት መድረክ ለመቀመጥም የመጀመሪያው ማስረጃ እሱ ነው።

ምትክ ቦታን በተመለከተ በጋምቤላ ከስፋቱ ይልቅ ከፍታው መታየት አለበት። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ባሮና ሌሎች ወንዞች ሞልተው ከተማዋን ጨምሮ በክልሉ ብዙ ሰው አፈናቅለዋል። ለውድድር የሚፈለገው መሬት ብዙውን ጊዜ ደረቅ፣ ለጥ ያለና ለመንገድ የቀረበ ነው፤ ሆቴልም፣ መንገድም፣ ማረፊያም የሚፈልጉት እሱኑ ነው። ለተነሺው የሚቀረው ታችኛው መሬት እንዳይሆን፣ ቦታው ሲታይ የሐምሌና የነሐሴ ውኃ እስከ የት እንደሚደርስ የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ያስፈልጋል። በበጋ የታየ ቦታ ሁሉ ያማረ ነው።

በደረሰው የማስለቀቂያ ትእዛዝ ቅር የተሰኘ ሰው በአዋጅ 1161 መሠረት ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል፣ ከዚያም ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ጽሑፉ በእጅ ከገባበት ዕለት በመሆኑ፣ ወረቀቱን ሲቀበሉ ቀኑን በራስ እጅ ጽፎ ቅጂውን ማስቀረት ይበጃል። ከብቱን ይዞ ወደ በጋ መሰማሪያው የሄደ አርብቶ አደር ደግሞ ትእዛዙ በቀበሌ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ 30ው ቀን ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ የቤተሰቡን ጉዳይ የሚከታተል አንድ ሰው በከተማው ወይም በቀበሌው እንዲቀር፣ ውክልናውም በጽሑፍ እንዲሆን ማድረግ ከመንቀሳቀስ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።